በአትክልቱ በር የወጣሁ ዕለት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፦

እንዴት ከርመሃል ወንድም ዓለም? ያ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ያስጮህሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ አማትህስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም። አዳራሹን እጠርጋለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ተማሪዎቹም እትዬ ቁልፍ እያሉ መጥራታቸውን አልተዉም።

ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ነገሩን ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው። ልጄ፣ ልጅህ ልበል እንጂ፣ እስከ አሥር ዓመቷ አንተው ጋ አይደል ያደገችው፣ ለተማሪዎች ማኅበር ስለ ጦርነቱ ሐሳብ ላቀርብ ነው ብላ በስልክ ስትነግርህ «ተይ፣ እጅሽን አታስገቢ» ብለሃት ነበር። አልተወችም። አንተም ይኸው ሦስት ሳምንት ስልኳን አታነሳም። አልፈርድብህም። አባታችን በአንዲት ፊርማ የተነሳ ከሥራው ወጥቶ ስንት ዘመን ቤት እንደዋለ ያየኸው አንተ ነህ፤ እኔ ያኔ ገና ታቃፊ ነበርኩ።

ሐሳቧ ግን ማን ጀመረው፣ ማን ትክክል ነው የሚል አይደለም። መድኃኒትና እህል የጫነ መኪና ይለፍ፣ ሐኪም ቤት አይመታ፣ ሸሽቶ የመጣ አይባረር፣ ይህን ማኅበራችን በስሙ ይናገር፤ በቃ፣ አራት መስመር አይሞላም። የተቃወማት አንድ የሕግ ተማሪ ነው። ያለ ደንብና ያለ አንቀጽ ውሃ እንኳ ስለማይጠጣ ስሙን አንቀጽ ብለውታል። ነገር መጠርጠር ላይ ቁርጥ አንተን! «የማኅበሩ ሥራ የመኝታ ቤት ውሃና የፈተና ፕሮግራም ነው። ዛሬ ሰብዓዊነት ብለን አንድ እግር ካስገባን ነገ ፖለቲካው ውስጥ እስከ አንገታችን ነን» አለ። ከኋላ አንዱ «አንተ ደግሞ፣ ውሃውንስ መቼ አመጣህልን!» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ አንዲት ልጅ ተነሳችና ወንድሟ ወታደር መሆኑን ተናገረች፤ መግለጫው እሱን የሚወቅስ ከመሰለ ነገ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ማን ያድራል ብላ ጠየቀች። ልጅህ «ወንድምሽም ቢቆስል የሚታከመው እኮ እዚያው ሐኪም ቤት ነው» አለቻት ቀስ ብላ። እኔ ጥግ ይዤ እንደ ባዳ ልጅ ነው የሰማኋት። ወንበር ደርዳሪ ወገን የለውም።

እዚህ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት እጁን ያወጣ ተገኝቶ ጠብ ስለተነሳ፣ ከዚያ ወዲህ በበር ሆኗል፤ የተስማማ በአትክልቱ በር፣ ያልተስማማ በመንገዱ በር ይወጣል። በየበሩ የተቀመጠ ቆጣሪ ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ጭረት ያሰምራል። እኔ ታዲያ መድረኩ ላይ የተጠጣበትን ብርጭቆ በትሪ ሰብስቤ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ማጠቢያው ያለው በአትክልቱ በር በኩል ነው።

ሁሉም ተመልሶ ሲገባ ሰብሳቢው አነበበ፤ መቶ አርባ ሁለት ለመቶ አርባ አንድ። አለፈ! ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ልጅህ ብቻ አላጨበጨበችም። ባዶ ትሪዬን ይዤ ስገባ አየችኝና «እማ፣ ቅድም በየት በር ነው የወጣሽው?» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ወንድም ዓለም፣ አንተን አልደብቅህም፣ መዋሸት አምሮኝ ነበር። «በአትክልቱ» አልኩ። ቆጣሪውን ሲጠይቁት «እኔ አቀርቅሬ ጫማ ነው የምቆጥረው፤ የማን ጫማ እንደሆነ በምን አውቄ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን «እንግዲያው ከእኛ አንድ ይቀነስ፤ እናቴ አባል አይደለችም» አለች። እኩል ለእኩል ሆነ። እኩል ከሆነ ደግሞ በደንባቸው ሐሳቡ ወድቋል ማለት ነው። ጓደኞቿ «ምን ነካሽ፣ ማን ጠየቀሽ?» እያሉ ተንጫጩባት።

ይሄኔ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? አንቀጽ! «ደስ ባይለኝም ልናገር። አባል ያልሆነ ሰው ከተቆጠረ ቆጠራው በሙሉ ይሰረዛል እንጂ አይቀነስም፤ አንቀጽ አሥራ ሰባት። እንደገና እንውጣ» አለ። የራሱ ወገኖች በዓይናቸው ሊበሉት ደረሱ። እኔን እንደ ሙሽራ መድረኩ ላይ ጎልተው፣ እንዳትንቀሳቀሺ ብለው አስጠነቀቁኝና ወጡ። መቶ ሃምሳ ለመቶ ሠላሳ ሁለት ሆነ። የወታደሩ እህት በአትክልቱ በር ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ። አንቀጽ ግን በሁለተኛውም ዙር በመንገዱ በር ነው የወጣው። በኋላ ወንበር ሲያነሳሳልኝ «አንቀጹ አንቀጽ ነው፣ ሐሳቧ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም» አለኝ። ለእሷም ይህንኑ ነግሯት ተጨባብጠው ተለያዩ።

ደስታዬ ሐሳቡ በማለፉ እንዳይመስልህ። አራት መስመር ወረቀት ጦርነት እንደማያቆም እኔም እሷም እናውቃለን። አንጀቴን ያራሰችው «አንድ ይቀነስ» ያለች ጊዜ ነው። ይህን ከማን እንደተማረችው ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ስንወጣ ሁሉም እያቀፋት ስልኳን አውጥታ አየችና መልሳ ከተተችው። እባክህ ወንድም ዓለም፣ ብትቆጣት ተቆጣት፣ አልከለክልህም፤ አንቀጽም እኮ አልተስማማላትም፣ ግን አነጋግሯታል። ዝም አትበላት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል በላት። መንትዮቹን ተራ በተራ ሳምልኝ፣ አለዚያ ይጣላሉ። አማትህን ለጤናቸው ጠይቅልኝ። ሞት ይርሳኝ፣ የበኩር ልጅህንም እንኳን ሥራ ያዝክ በልልኝ። ይቺ እዚህ ያለችው ልጅህ ደግሞ ደብዳቤ ስጽፍ አይታ «ጋሼን ሰላም በይልኝ» አለችኝ። ወጥታ ከሄደች በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ በይው» ብላ ጨመረች።

እህትህ
ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
መጋቢት ዘጠኝ ቀን