ያለ አንተ ትልቁ ጎማ ላይ ወጣን

ማርቄዬ፣

እንደምነህ ብልህ መልስ የለህም፤ ዝም ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ ከአንተ ጋር በዝምታ የጀመርኩት ነገር የለም። ለሚ ኩራ ከምትሠራበት ሕንፃ ወድቀህ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ያረፍከው አገርህ ሆሳዕና፣ ያውም ዳገት ላይ ነው፤ ዊልቸሬ እዚያ አይወጣም። ስለዚህ የምልህን እዚሁ ቡልቡላ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ስለቆመ የግቢያችን ጭቃ ቶሎ አልደረቀም። አንተ ብትኖር ድንጋይ ደልድለህ መንገድ ታበጅልኝ ነበር፤ እኔ ግን ከብሎካችን በር ሳልርቅ ከረምኩ። ቤታችን ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ ምድር ላይ የተሰጠን ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣም ሲገባም በመስኮታችን ነው የሚያልፈው፤ አስቱ አለሽ ወይ ብሎ ጎራ የሚለው ግን እየቀነሰ መጥቷል። በለቅሶው ሰሞን መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። አልቀየማቸውም፤ ሁሉም የራሱ አለው። በሩ ላይ ያፈሰስክልኝ የሲሚንቶ መውጫ ጠርዙ ተፈረካክሷል። ወንድምህ ታደሰ በሚመጣው ቅዳሜ እሠራዋለሁ ይላል፤ የታደሰን ቅዳሜ ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። የስፌት መኪናዬ ደህና ናት። የእግር መርገጫውን ነቅለህ በክርኔ እንድጫነው ጠረጴዛው ላይ ያሰርክልኝ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም፤ ዘንድሮም ብዙ ዩኒፎርም ሰፋሁበት። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ አሁንም ወሬዬን አቋርጣለሁ። ድምፁ ሲርቅ ነው የማወራው ሰው እንደሌለ ትዝ የሚለኝ።

ልጃችን ቃል ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ያንተው ትልልቅ ጥርስ ነው፣ እግዜር ያሳየህ። ግን ዝምተኛ ሆናብኛለች። አስተማሪዋ ልጅሽ በጣም ጨዋ ናት ብላ አመሰገነችልኝ። ያንተ ልጅ ደግሞ ጨዋ ሆና ስለማታውቅ ምስጋናው አስደነገጠኝ። ትበላለች፣ ታጠናለች፣ የጠየቅኳትን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ ግን አንዲት ቃል አትጨምርልኝም። ሁለት ሰው ያለበት ቤት እንዲህ ጭር ሲል አስበው።

ለዚህ ነው በየዓመቱ ይዘኸን የምትሄደው ቦሌ ያለው መጫወቻ ቦታ ልወስዳት የቆረጥኩት። አምና አልሄድንም፤ ማን ልብ ነበረው። ዘንድሮ ግን ይህቺን ልጅ የሚመልስልኝ ነገር ካለ ሰው ጭኖ ወደ ላይ የሚዞረው ትልቁ ጎማ ነው አልኩ። ሁለታችሁ እሱ ላይ ስትወጡ እኔ ታች ቦርሳና ሹራብ ታቅፌ እቀመጥ ነበር። እኔንም ልታወጣኝ ጀርባህን ሰጥተህ ቁጢጥ ትልና እሜቴ፣ በቅሎዎ ተጭናለች፣ ይውጡ ትለኝ ነበር። ሰው ያየናል እያልኩ እምቢ አልኩህ እንጂ፣ ደረጃ ሁሉ በጀርባህ፣ ታክሲ ሁሉ በክንድህ ነበር የሚያልፈኝ። ደግሞ ከማንሳትህ በፊት በየት በኩል ልያዝሽ ትለኝ ነበር። ይህን የሚጠይቅ ሰው ከአንተ በቀር አላጋጠመኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድን፤ ታደሰ እዚያው በሩ ላይ እንገናኝ ብሎ ነበር። ስንጠብቀው ነጠላ የለበሱ እናት እግዜር ይማርሽ ብለው ብር ጭኔ ላይ ጣል አድርገውልኝ አለፉ። እንዲህ ሲያጋጥመን አንተ ከኋላዬ ብቅ ትልና እግዜር ይስጥልን እማማ፣ ነገም እዚሁ ነን ትል ነበር። እኔ በሳቅ እፈነዳለሁ፤ በብሩም አይስክሬም እንበላበታለን። ቅዳሜም አይስክሬም ገዛንበት። ቃል ላሰች፣ እኔም ላስኩ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ለብቻ የሚሳቅ ነገር አይደለም ለካ። አይስክሬሙን ሳንጨርስ ታደሰ ደወለ፤ ላምበረት ያለው ሱቁ ዕቃ ገብቶለት መውጣት አልቻለም። ምን እላለሁ፤ ሁለታችን ገባን።

ጎማው ሥር ፊሽካ ያንጠለጠለ ወጣት ቆሟል። ሕጉን በትሕትና አስረዳኝ። ልጅ ያለ አዋቂ አይወጣም፤ አካል ጉዳተኛ ደግሞ ያለ አጃቢ አይወጣም። እኔ ለእሷ አዋቂ ነኝ፣ እሷም ለእኔ አጃቢ ናት አልኩት። አንዳችሁ ለአንዳችሁ አትሆኑም አለኝ። ከዓመት በላይ ሌላ ምን ሆነን የኖርን መስሎህ ነው ልለው ነበር፤ ተውኩት።

ከኋላችን የተሰለፉ አንድ አባት ከልጆቼ ጋር ላውጣልሽ አሉኝ። ቃል ራሷን ነቀነቀች። አልፈልግም፣ እፈራለሁ አለች። ቃል! ገና ሳትወርድ አባዬ አንዴ ብቻ እያለች ሦስቴ የምታስከፍልህ ልጅ። ለእኔ ብላ እንደምትዋሽ ገባኝ፤ እናቷ ታች ብቻዋን እንዳትቀር። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ምን ትዝ ይልሃል አንተ የለህም፣ ለቅሶው ላይ እህትህ አቅፋኝ ከእንግዲህ እግርሽ ይህቺው ልጅሽ ናት ብላኝ ነበር። ለማጽናናት ነው ያለችው፤ እኔን ግን አንጀቴን ነው የቆረጠችው። የዚያን ቀን ልጄ ልጅ እንጂ እግሬ አትሆንም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። አሁን በስምንት ዓመቷ ለእኔ እግር ብላ ደስታዋን ስትተው በዓይኔ አየሁ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

ሰው ተሸከመኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ቤተሰቦቼ ሳልጠራቸው ያነሱኝ ነበር፤ ከአንተ ጋር ደግሞ መለመን የሚባል ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ግን ዊልቸሬን ወደ ሰልፉ አዞርኩና የሚያነሱኝ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

እኚያ አባትና አንድ ጎረምሳ መጡ። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በጉልበቴ እንደ ጤፍ ኩንታል አነሱኝ፤ በየት በኩል ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድ ጫማዬ ወደቀ። ቀሚሴ ሲሰበሰብ አንዲት ሴት ሮጣ ሸፈነችልኝ። አይዞሽ፣ አይዞሽ ይሉኛል። አንተ ብትሆን ከብደሻል፣ ሽሮው ይቀነስ ነበር የምትለኝ። ሰው ደግ ነው ማርቄ፣ አንድም ክፉ ቃል አልሰማሁም። ግን በዚያ ሁሉ ደግ ሰው መሀል፣ በሰው እጅ ተንጠልጥዬ ጀርባህ ናፈቀኝ። እምቢ ያልኩህ ጊዜ ሁሉ ናፈቀኝ። ባለፊሽካው ወጣት አለቃ እንዳያየው ዙሪያውን ቃኘት አደረገና ቃልን አጠገቤ አስቀምጦ፣ ብረቱን ዘግቶብን ፊሽካውን ነፋ።

መነሳት ስንጀምር በራሴ ኮርቼ ነበር። አየሽ፣ ወጣን አይደል እላታለሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ታየን፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፈው የቆሙ ያላለቁ ሕንፃዎች። ዓይኔን ከእነሱ ቶሎ መለስኩ። ታች ሰው ሊጭኑ ሲያቆሙት እኛ ጫፍ ላይ ቀረን። ያኔ ነው ቃል እየተንቀጠቀጠች መሆኗን ያወቅኩት። ፊቷን ብብቴ ሥር ቀብራለች፣ ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቷል። የእውነቷን ነበር የፈራችው። እኔ እንደሆንኩ ነገር ሁሉ በእግሬ ምክንያት ይመስለኛል።

"እማ፣ አባዬ የወደቀው ከዚህ ይበልጣል?" አለችኝ።

ማርቄ፣ ቃል ይህን ታውቃለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የወደቅህ ቀን መርዶ ይዘው የመጡት ሽማግሌዎች ልጅ ይህን አትስማ ብለው ጎረቤት ወሰዷት። መጀመሪያ አባትሽ ታሞ ሆስፒታል ገባ አሏት፤ ቀብረንህ ስንመለስ ደግሞ ጌታ ወሰደው። ልጅ እንዲህ ነው የሚረዳው፣ እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። እኔም የጀመሩትን ቀጠልኩ። አባትሽ ሳይታመም፣ አባትሽ ከታመመ በኋላ እያልኩ፣ ስጸልይም እንዲሁ እያልኩ ይኸው እዚህ ደረስኩ።

ማን ነገረሽ አልኳት። የግቢው ልጆች ናቸው፤ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ነግረዋታል። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ስላት ፊቷን ከብብቴ አወጣችና እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ።

"አንቺማ ታሞ ነው ትዪ የለ? የማታውቂ መስሎኝ ነው። እንዳልነግርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ለካ ዝምታዋ ይህ ነበር። እኔ ከእሷ ስሸሽግ፣ እሷ ከእኔ ስትሸሽግ፣ በአንድ አልጋ ተኝተን ለየብቻችን ስናለቅስህ ኖረናል። እኔስ አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር እተነፍሳለሁ፤ እሷ ለማን ትተንፍስ።

አይበልጥም፣ ከዚህ ዝቅ ይላል አልኳት። በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ዓይኔን ያሸሸሁበትን አቅጣጫ አሳየኋት። ትክ ብላ አየች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ጎማው እያወረደን አለቀስን። ታች ሲቀበሉን ከፍታው ያስፈራን መስሏቸው አይዞአችሁ ይሉናል። የወደቀውን ጫማዬን አምጥታ ቃል ራሷ አደረገችልኝ፤ ያን ቀን አልከለከልኳትም።

ቤት ስንደርስ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። የማላውቀውንም አላውቅም አልኳት፤ ስትወድቅ ጠራኸን ወይ ስትለኝ አላውቅም አልኳት። እስኪደክማት ጠየቀችኝ። አንተ የለህም፣ ቤቱም አልሞላም፣ ብቸኝነቱም ያው ነው። አሁን ግን የሁለታችን ነው።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት ታመህ አልሞትክም፣ ማርቄዬ። ሌላ ሰው መብራት የሚያበራበትን ሽቦ እየሳብክ፣ በጤናህ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወደቅህ። ይህንኑ እያልን እናስታውስሃለን፤ እኔ በቃል ፊት፣ ቃልም በእኔ ፊት።

አስቱ