የአባትሽ ድንጋዮች

ይድረስ ለቤቴ ባለቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽና ከግማቱ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ግን ጽሕፈቱን እዪልኝ። ለምኜ ያጻፍኩት ሰው የለም፤ የገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ከሃያ ስምንት ተማሪ ማን አንደኛ ወጣ ብትዪ ራሴን ማሞገስ ስለማልወድ ዝም እላለሁ፤ ብቻ እኔ ነኝ። መምህራችን «አንተ ሰውዬ ስትጽፍ ወለል የምትወለውል ነው የምትመስለው» አለችኝ። ሙገሳ ነው ብዬ ወሰድኩት። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ስወለውል እኔ ባለፍኩበት ላይ ዝንብ እንኳ አንሸራቷት ወድቃ ታውቃለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያንን ቤት ለቀናል። በእህትሽ በኩል የላክሽብኝ ቃል «የአባቴን አኳሪየም አዲሱ ቤት አድርስ፤ ዓሣው በሕይወት ካለ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» የሚል ነበር። «እንነጋገራለን» የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ ወር ሙሉ ስመጣት ከርሜያለሁ።

የባሕር ዓሣው መስታወት እንዴት እንደሚጓጓዝ የላክሽውን ወረቀትም ራሴ አነበብኩት። ዘጠኝ ተራ ቁጥር ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ ለሁለቱ ጫኞች እንደ አዋጅ አነበብኩላቸው። ረጅሙ ጫኝ፣ ጓደኛው ቀጭኔ የሚለው፣ ጨርሶ ከሰማኝ በኋላ ቤት ነው የምንቀይረው ወይስ ባሕር ሲል ጠየቀኝ። ሳቅንበት። አሮጌው ውሃ አይደፋ ስላልሽ ሰባት ጀሪካን ቀዳን። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ እኔ ግን ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ሳይቀር በስፖንጅ አፍሼዋለሁ። ወገቤም የተያዘው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን፣ እመቤቴ፣ ሳቁ አለቀ። ያስጠላል። ልደብቅሽ አልችልም፣ ያስጠላል። አሸዋውን ገና ነካ ስናደርገው የገሙ መቶ እንቁላሎች ሽታ ወጣ። ከድንጋዮቹ ሥር ጠጉር ያለው ትል ብቅ ብሎ አየንና መልሶ ገባ። አንዱ ድንጋይ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይተነፍሳል። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ያልጠረግሁት የለም፤ ደም ጠርጌያለሁ፣ መግል ጠርጌያለሁ፣ የሚተነፍስ ድንጋይ ግን አላየሁም። ቀጭኔ ያ ሁሉ ቁመቱ እጥፍ ብሎ ደጅ ሊያስመልስ ሮጠ። ትልቁ ድንጋይ ተራው ሲደርስ እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር ያገኘኸውን ጨርቅ አርጥበህ ጠቅልልበትና ክዳን ባለው ባልዲ ክተተው አልኩት ሌላውን ጫኝ። ያንን ባልዲ አዲሱ ቤት ጓሮ አስቀምጠው ሄዱ። እኔ በአጠገቡ አላልፍም ነበር።

አዲሱን ቤት ብታዪው! ሁለት ክፍል፣ ወለሉ ነጭ ሸክላ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። ቅዳሜ በሩን ስትከፍቺ ንጹሕ አየር እንዲቀበልሽ ፈለግሁ። የቀሩት አሥራ አንድ ድንጋዮች ግን መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሆነው ይገሙብኛል። ወረቀትሽን አወጣሁ። ተራ ቁጥር ስድስት፣ «ድንጋዮቹ አይታጠቡም፤ እንዳሉ ይመለሱ»። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሮ ቢሆን ማንበብ አልችልም ብዬ አመልጥ ነበር፤ አሁን መሸሸጊያ የለኝም። አንብቤ ነው ያጠፋሁት። እሷ ምን ታውቃለች፣ የጽዳት ሰው እኔ ነኝ አልኩና ጓንቴን አጠለቅሁ።

አሥራ አንዱንም በበረኪናና በብሩሽ አጠብኳቸው። ትሉም ንፍጡም በቱቦው ወረደ። ድንጋዮቹ እንደ ጥርስ ነጡ። ደጋግሜ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁ፣ አሸተትኩ፣ ምንም አይሸቱም። መልሼ ደረደርኳቸው፣ ዓሣውንም ጨመርኩና አባትሽ ዳኛው ይሉት የነበረው ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ አንድም ቃል ሳይናገር አፍጥጦ ሲያየኝ አመሸ።

ጠዋት ስነሣ ውሃው ወተት መስሏል። ዳኛው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ይለምናል። በባልዲ ይዤው ዓሣ ሻጩ ዘንድ በሸራ ጫማ ሮጥኩ፤ ከድንጋዮቹም አንዱን በኪሴ ይዣለሁ። ሰውየው ዳኛውን ቶሎ ሌላ ውሃ ውስጥ አስገባውና ድንጋዩን ተቀብሎ አሸተተው። በምን እንዳጠብኩት ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ በኩራት ነገርኩት። ድንጋዩን እጄ ላይ መለሰልኝና፦

«ወንድሜ፣ ቆሻሻ ያልከው ነገር ነው እኮ ውሃውን ሲያጸዳ የኖረው። ስንት ዓመት የተከማቸውን በአንድ ቀን ጨረስከው።»

ባዶ ባልዲ ይዤ እዚያው እንደቆምኩ የአባትሽ ክፍል መጣብኝ። ስምንት ወር ታመው ባረፉ ማግስት፣ አንቺ በድካም ተኝተሽ ሳለ፣ ፍራሻቸውን አቃጥዬ፣ ልብሳቸውን ለቆሻሻ መኪና ሰጥቼ፣ ግድግዳውን እስከ ጣሪያ ድረስ በበረኪና አጥቤ ነበር። ተነሥተሽ መጣሽና በሩ ላይ ቆመሽ ትንፋሽሽን ሳብ አደረግሽ፤ አሁንም ደግመሽ ሳብሽ። የምታደንቂኝ መስሎኝ። «ምን ይሸታል?» አልሽኝ። «ምንም!» አልኩሽ፣ ደረቴን ነፍቼ። በአራተኛው ቀን እህትሽ ቤት ሄድሽ። እኔም ከእኔ የሚበልጥ ጽዱ ባል የት ልታገኝ ነው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

ሰውየው ያልታጠበ ድንጋይ፣ አንድም ቢሆን፣ የቀረኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ካለ ከእሱ ሕይወቱ ቀስ እያለ ወደ ሌሎቹ ይጋባል አለኝ። ወር ሊፈጅ ይችላል። ዳኛው እስከዚያ እሱ ዘንድ ይቆያል። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ፤ ቅዳሜ ስትመጪ ዓሣው በሕይወት አለ፣ ቤት ግን የለም። ከፈለግሽ ሁለት መንገድ አቋርጠን ሱቁ ሄደን እናየዋለን፤ ይበላል፣ ያፈጣል። ሱቁ ውስጥ ቁርጥ እሱን የመሰለ ሌላ ነበር። ገዝቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ይኸው አደረስኩልሽ ልልሽ እችል ነበር። ሳላስበው ቀርቼ አይምሰልሽ።

ጓሮ ሄጄ ያንን ባልዲ ከፈትኩት። በባዶ እጄ። ጓንቱ በረኪና በረኪና ስለሚል ፈርቼ ነው። ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጨርቁን ስፈታው የአባትሽ አረንጓዴ ሹራብ ሆኖ ተገኘ፤ ክርኑ የተቀደደው፣ የዓሣውን መስታወት ሲያጸዱ የሚለብሱት። ሁሉን ጥያለሁ ብዬ ነበር፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር ሸጉጠውት ኖሯል። ድንጋዩን ከነአተላው መስታወቱ ውስጥ ከነጡት መሐል አስቀመጥኩት። ዛሬ ጠዋት ሌላ ጠጉራም ትል ከውስጡ ብቅ ብሎ አየኝ። አሁንም ይዘገንነኛል፤ ዘግንኖኝም ዝም አልኩት። ቤቱ በሙሉ ይገማል። ነጭ ሸክላው፣ መጋረጃው፣ እኔም ጭምር። አላጠብኩም።

ሹራቡን ጥላ ላይ አስጥቼዋለሁ። በረኪናም፣ ሳሙናም፣ ንጹሕ ውሃም አልነካውም። የባሕር ጨው ይሸታል፣ ዓሣ ይሸታል፣ ከአንገትጌው በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ይሸታል። ቶሎ አራቅሁት፤ ያ የእኔ አይደለም። መጥተሽ አንቺው አሽትቺው።

እህትሽን ሰላም በዪልኝ፤ ልጆቿን ፈጣሪ ያሳድግላት። ለአንቺም ጤናና ዕረፍት ይስጥሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

እጁ የሚገማው

ባልሽ