የደምዎ ቁጥርና የጓሮው ጭስ

ቦሌ፣ ሰኞ፣ ሰኔ 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣

እንዴት አደሩልኝ? እህል እየቀመሱ ነው ወይስ እንደ ትናንቱ ምግብዎን ለጠያቂው ሁሉ እያጎረሱ? እኔና ልጆቹ ከእርስዎ ሐሳብ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አውሮፕላኑ እንደ ወትሮው ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል፤ የሚቆጣው ሰው ስለሌለ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።

ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ደብዳቤ ጽፌልዎ አላውቅም። ፊደሉንም የቆጠርኩት በቀበሌው መሠረተ ትምህርት፣ እርስዎ ምን ሊረባሽ እያሉ ሲስቁብኝ ነው። ይኸው ዛሬ ረባኝ። በአፌ እንዳልነግርዎ የሆስፒታሉ ክፍልዎ መቼ ከሰው ጎድሎ ያውቃል! ሰበካ ጉባኤው ሲወጣ ዕድሩ ይገባል፤ ሁሉም ወንበር ስቦ አይዞዎት ይላል። ባልና ሚስት አንዲት ቃል የምንነጋገርበት ፋታ ጠፋ። ስለዚህ ይቺን ወረቀት ከሾርባው ፔርሙዝ ጋር በፎጣ ጠቅልያታለሁ፤ ሰው ሳያይ ያንብቧት።

ትናንት ዶክተር ሽፈራው ሲጋራ ያጨሳሉ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት እንደሆነ አይተዋል። የነፍስ አባታችን አባ ገብረትንሣኤ አማተቡ። የዕድሩ ዳኛም፣ እንደ እርስዎ ያለ የሰበካ ሰብሳቢ እንዲህ ይጠየቃል እንዴ ብሎ ሳቀ። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ኧረ በስመ አብ፣ ሽታውንም አይወዱም አልኩ። እርስዎ ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። ዶክተሩም አያጨሱም ብሎ ጻፈ።

ምን አስጠየቀው ብዬ ኮሪደሩ ላይ ተከተልኩት። ከገና በኋላ የአንጀትዎን ነቀርሳ ቆርጠው ካወጡ ወዲህ፣ ደምዎን እየቀዱ በአውሮፕላን ውጭ አገር የሚልኩት ለምን እንደሆነ ነገረኝ። በደሙ ውስጥ የሚለኩት ነገር አለ፤ በሽታው ሲወገድ ይቀንሳል፣ ሲመለስ ይጨምራል። ያኔ ቀንሶ ነበር፣ አሁን ጨምሯል። ሐሙስ ሆድዎን እንደገና ከፍተው ሊያዩ የተነሱት ለዚህ ነው። ግን የሚያጨስ ሰው በሽታው ባይመለስበትም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል አለኝ። የሚያጨሱ ቢሆን ኖሮ አስቁሜያቸው፣ ሌላ ደም ልኬ፣ ውጤቱን ሳላይ አልነካቸውም ነበር አለኝ። ልናገር ስል አባ ከኋላዬ መጡ፤ ዋጥኩት።

አዎ፣ አውቃለሁ። ድሮም አውቃለሁ። የጽዱን አጥር ልይ ብለው ጓሮ ሲዞሩ፣ ተመልሰው ቅርንፉድ ሲያኝኩ፣ እኔ ሞኝ መስዬ እራት አቀርባለሁ። ኒያላ ሲጋራ ከገበያ ሲጠፋ ባለሱቁ አብዱልሐሚድ ለእርስዎ ከባንኮኒው ሥር የሚያወጣው በደግነቱ ይመስልዎታል? ሲያጡት ፊትዎ ይጠቁራል፣ ልጆቹንም ያለ ጥፋታቸው ይቆጣሉ። እኔው ባለሱቁን ለምኜው ነው።

ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ አልጋ ላይ ሳሉ አላጨሱም፣ ቁጥሩም ያኔ ቀነሰ። ከፋሲካ ወዲህ ጓሮ መዞር ጀመሩ፣ ይኸው ጨመረ። ለእኔ የገባኝ ይኼ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታው ተመልሶ ቢሆንስ እያልኩም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን በከንቱ ቢከፍቱዎስ? ያኔ ከኦፕራሲዮን ሲወጡ ፊትዎን አይቼዋለሁ። ሁለተኛውን የሚችሉት አይመስለኝም፤ ፈራሁ።

ትናንት ከሆስፒታል ስመለስ ከማገዶው ጀርባ ከደበቁት ፓኮ አንዷን አውጥቼ ለኮስኩ። አላጨስኳትም፤ እስክታልቅ በእጄ ያዝኳት። ቤቱ እርስዎን እርስዎን ሸተተኝ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይል ነበር!

ዛሬ ጠዋት ለዶክተሩ እኔው ልንገረው ብዬ ወጥቼ ኦሎምፒያ ስደርስ ከመንገድ ተመለስኩ። ገመናዎን ከእርስዎ ቀድሜ ማውጣት ከበደኝ። ረቡዕ ሲመጣ በጆሮው ይንገሩት። ሰው ስላለ አፍሬ ነው ይበሉት፣ ይገባዋል። ካልነገሩት ግን እዚያው ቆሜ፣ በአባም በሰበካውም ፊት እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ዓይንሽን አልይ ቢሉኝም ይሁን። ኖረው ይቀየሙኝ።

መድኃኔዓለም አንደበትዎን ይፍታልኝ፣ በእግርዎ ወደ ቤትዎ ይመልስልኝ።

የልጆችዎ እናት