በማር የሰጠኋት ልጅ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1968 ዓ.ም.

ልጄ ይማም፣ አላህ በሰው አገር ጥላ ይሁንህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ የጨው ገበያዬም ቀና ብሏል።

በለጡን እኔ ዘንድ ትቶ የሄደው አጎትህ አራጌ ከአዋሽ የጥጥ እርሻ ተመለሰ። ገና ሳይቀመጥ «ልጄ በለጡስ?» አለኝ። በችጋሩ ጊዜ፣ እህል ከቤቴ ሲያልቅ፣ የደሴ ነኝ ላለች ሴት እንደሰጠኋት ነገርኩት። ሴትየዋ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጠባቻትና «ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ናት፤ አስተምራታለሁ» ብላ ማለች። በጡት መሐላ የሚቀልድ ስለሌለ አመንኳት። ባለፈው ወር ደሴ ወርጄ ብጠይቅ ግን የሚያውቃት አጣሁ።

አራጌ «እታለም፣ ለአንድ ጆንያ ጨው እንኳ ዋስ ትጠሪያለሽ፤ ለልጄ ማንን ጠራሽ?» አለኝ። የዕለት ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ። ቀኑን ጽፌዋለሁ፤ የሴትየዋን የአባት ስም አልጻፍኩም።

አሁን የሰው ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ቀበሌ ሄዶ ያስመዝግብ፣ ልጅ የጠፋበትም ያመልክት የሚል ደንብ መጥቷል። ሊቀመንበሩ «መልኳን የሚያሳይ ነገር ካመጡ ለየከተማው እንልካለን» አሉኝ። በለጡ ያለችበት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ ስትሄድ ያስያዝኩህ፣ ከጎኔ የቆመችበት።

ሌላ የእኔ ፎቶ እንደሌለህ አውቃለሁ። ስለዚህ ቆርጠህ እኔን አስቀር፣ እሷን ላክልኝ። እጄ ትከሻዋ ላይ ነው፤ እሱ አብሯት ይምጣ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትህ ሀጀራ