የማርታ ስጦታ

ቴፒ፣ እሑድ፣ ጥር 17

በመምህራን የዱላ ቅብብል የመጨረሻዋ ሯጭ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ወጣን። መስመሩን እንዳለፍኩ ባጃጅ ይዤ ወደ ልጄ ልደት በረርኩ፤ አማቴ ጋሽ ታደሰ "እናቷ ሳትመጣ ዳቦ አልቆርስም" ብለው እንግዳውን አስቀምጠዋል።

ስገባ ማርታ እጄን አየች። ለካ ዱላውን ይዤው መጥቻለሁ።

"ለኔ ነው?"

ስጦታ መግዛቱን ረስቼዋለሁ። "አዎ፣ የኔ እናት" አልኳት።

ዳቦው እየተቆረሰ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ደወለ።

"እትዬ፣ ዱላውን አይተሻል? የወንዶቹ ውድድር ቆሟል።"

ማርታ ዱላዋን ለእንግዳው እየዞረች ታሳያለች።

"እዚያው ሜዳው ላይ ፈልጉት" አልኩት።

አሁን አቅፋው ተኝታለች። ነገ ወደኛው ትምህርት ቤት፣ ለጓደኞቿ ልታሳይ፣ ይዛው ልትሄድ ነው።