የጣሊያኑ ዘር

ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ አንድ ጣሊያን ከአስተርጓሚ ጋር ብልባላ መጣ። በወረራው ዘመን እዚህ መሬት ነጥቆ ያሳርስ የነበረው አጎቱ ርስትና ልጅ ትቶ እንደሁ ይጠይቃል። ርስት! የዘረፉት ሁሉ ርስት ሊባል ነው?

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር "አያ ካሳው፣ የሟች ባለቤትዎ አባት ማን ነበሩ?" አለኝ። እንደ ወትሮው የእናቷን አባት ስም ጠራሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሳቀ።

"አንተ የሰው ዘር መርማሪ፣ እስቲ የራስህን እስከ ሰባት ቤት ቁጠር!" አልኩት። ሦስተኛው ላይ ተንተባተበ።

እንግዳው የአጎቱን ፎቶግራፍ ሰጠኝ። ግንባሩም ዓይኑም የባለቤቴው ነው። "አላውቀውም" ብዬ መለስኩለት።

በሕይወት ሳለች "እርስዎ አይተውታል፤ አባቴ ምን ይመስል ነበር?" ትለኝ ነበር። "ጅብ" ነበር መልሴ። ከርማ ደግሞ ትጠይቀኝ ነበር።