የአባዬ መድረሳ ምሰሶዎች

ሰኞ፣ ኖቬምበር 5፣ 2018
ደብል ፈረቃ ሠርቼ ገባሁ። እግሬ አብጧል። አባዬ ምሳውን አልነካውም። ወሎ ያለው፣ እሱ የተማረበት የጥንት መስጊድና መድረሳ ይፍረስ ተብሏል። ስንት መቶ ዓመት እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ግድግዳው አዘንብሏል፣ ጣሪያው ያፈሳል። እዚህ ባሕር ማዶ ያሉ የአገሩ ልጆች በብሎኬት ሊያሠሩት ነው። እዚያ ከተማሩት እዚህ ያለው አባዬ ብቻ ስለሆነ ቃሉን ይጠብቃሉ። ሦስት ሳምንት ሞላው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7
ማስታወሻዬ፣ ዛሬ አፉን አስከፈትኩት። እኔ ውስጡን አይቼው አላውቅም፤ ሴት ከአጥሩ አታልፍም ነበር። ንገረኝና ልሳለው አልኩት። የሥራ ፈረቃ ወረቀቴን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ክብ ነው አለ። ድንጋይና በጭድ የተቦካ ጭቃ። ሃያ የወይራ ምሰሶ፤ ሚስማር የለም፣ ሁሉም በጠፍር የታሰረ። በስተሰሜን ሚህራቡ፣ ኢማሙ የሚያሰግድበት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም። የመጀመሪያው ሸህ ኪታባቸውን በበቅሎ ጭነው መጥተው ዛፍ ሥር ማስተማር ጀመሩ፤ ቤቱ የተሠራው በኋላ ነው ይባላል። ተማሪው ከበሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ይጀምራል፣ ባወቀ ቁጥር ወደ ሚህራቡ ይጠጋል። የነገረኝን ምሰሶ ስቆጥር አሥራ ዘጠኝ። ሃያኛውስ? ደከመኝ ብሎ ተኛ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10፣ ጠዋት
በረዶ። መኪናው አልነሳ አለኝ፣ በሌላ መኪና ባትሪ ጃምፕ አደረግሁት። ስመለስ አባዬ ራሱ ወሬውን ጀመረ። ሃያኛው ምሰሶ በአንድ ክረምት ተሰነጠቀ። ተማሪዎቹ ሊቀይሩት ሲያነሡ ጣሪያው ተጫናቸው። ሰይድ የሚባል አብሮ አደጉ ከሥሩ ሞቶ ቀረ። ጣሪያውን የወጠረውን ገመድ የያዘው አባዬ ነበር። በሳምንቱ ትምህርቱን ጥሎ ሄደ። ለእማዬ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ጋቢውን አስተካከልኩለት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 11
የአገሩ ልጆች ስብሰባ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባለው ከተማ። ግማሹ ቅርስ ነው አይነካ፣ ግማሹ ሰው ሳይጨርስ ይፍረስ አለ። አባዬ በከዘራው ተነሣ።
«አፍርሱት። ልጆች ከሥሩ ይቀመጣሉ። ግን ሳይለካና ሳይሣል አንድ ድንጋይ እንዳታነሡ። ልጄ ትለካዋለች።»
አንዱ ተነሥቶ፣ ሴት እንዴት ትገባለች? አለ። አባዬ ከዘራውን አስደግፎ ተቀመጠ። መኪና ውስጥ ተቆጣሁት፤ ሥራ አለብኝ፣ መቼ ጠየቅከኝ አልኩት።
«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው» አለኝ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13፣ ከሥራ በፊት
ወሎ ልሂድ ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ ሱፐርቫይዘሬ ለሆሊዴይ ሰው ያጥረናል፣ ከሄድሽ ቦታሽን አልጠብቅም አለችኝ። እሺ፣ አትጠብቂልኝ አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። አባዬ ክሪስታል ከተማ፣ እህቴ ቤት ይሰነብታል። ሐሙስ እሄዳለሁ። በበሩ ነው የምገባው፤ የሚከለክለኝ ካለ እዚያው በሩ ላይ ሜትሬን ዘርግቼ መለካት እጀምራለሁ።